የፊት መስቀለኛ የጉልበት ጅማት ቀዶ ሕክምናና የምርምሩ ታሪክ

የፊት መስቀለኛ ጅማት በጉልበት መገጣጠሚያ ውስጥ የጭን አጥንትን ከቅልጥም አጥንት ጋር የሚያስተሳስር፣ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝም አጭር ማሰሪያ ነው። ከኋላው ካለው አቻው ጋር የመስቀል ቅርጽ ስለሚሠራ በዚህ ስም ይጠራል። ዋና ሥራው ቅልጥም ከጭን አጥንት ሥር ወደፊት እንዳይንሸራተትና ከልክ በላይ እንዳይዞር መያዝ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚበጠሰው በሌላ ሰው ምት ሳይሆን ተጫዋቹ ራሱ በሩጫ ላይ ድንገት ሲቆም፣ አቅጣጫ ሲቀይር ወይም ከዝላይ ሲያርፍ ነው። የስፖርት ዘጋቢዎች በእንግሊዝኛ ምህጻሩ «ኤሲኤል» ይሉታል። አካሉ ትንሽ ቢሆንም ስለ እርሱ የተጻፈው እጅግ ብዙ ነው፤ ከቀዶ ሐኪሞች ሌላ መሐንዲሶች፣ የፕላስቲክና የሰው ሠራሽ ክር አምራቾች፣ የስታቲስቲክስ ባለሙያዎችም እጃቸውን አስገብተውበታል።

«ጅማት» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በዕለት ተዕለት አማርኛ ጡንቻን ከአጥንት የሚያገናኘውም፣ አጥንትን ከአጥንት የሚያያይዘውም፣ አንዳንዴ ነርቩ ሳይቀር ጅማት ይባላል። ለሐኪሙ ግን የመጀመሪያው ቴንደን፣ ሁለተኛው ሊጋመንት ነው፤ የዚህ ቀዶ ሕክምና ቁም ነገር ደግሞ ቴንደኑን ወስዶ በተበጠሰው ሊጋመንት ቦታ መትከል ስለሆነ፣ ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት ነገሩን ይሰውረዋል። ስለዚህ ከዚህ በታች ሊጋመንቱ «ማሰሪያ»፣ ቴንደኑ «የጡንቻ ጅማት» ተብሏል። ዓመታቱ በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የማሰሪያውን ሥራ በሙከራ ካሳዩት ቀደምት ሰዎች መካከል ጀርመናውያኑ ወንድማማቾች ቪልሄልምና ኤድዋርድ ቬበር ይገኙበታል። በ1836 ስለ ሰው አካሄድ ሜካኒክስ ባሳተሙት ጥናት፣ ማሰሪያው ሲቆረጥ ቅልጥም ከልኩ አልፎ ወደፊትና ወደኋላ እንደሚሄድ ገለጹ። ቪልሄልም ሐኪም ሳይሆን የፊዚክስ ሊቅ ነበር፤ ጉልበት ከመነሻው ለመሐንዲስ ዓይን የተጋለጠ መገጣጠሚያ መሆኑን ይህ ብቻ ይናገራል። በ1845 ደግሞ የሊዮኑ ቀዶ ሐኪም አሜዴ ቦኔ ዛሬም ማንኛውም የጉልበት ሐኪም ከታካሚው የሚሰማውን ታሪክ ጻፈ፤ ማሰሪያው ሲበጠስ የሚሰማውን ድምፅ፣ ወዲያው ጉልበቱ በደም ተሞልቶ ማበጡን።

የመጀመሪያው የታወቀ ጥገና የተደረገው በ1895 በእንግሊዝ ሊድስ ከተማ ነው። ቀዶ ሐኪሙ አርተር ማዮ ሮብሰን የ41 ዓመት የማዕድን ሠራተኛ የሆነን ሰው ጉልበት ከፍቶ፣ ተበጥሰው ያገኛቸውን ሁለቱን መስቀለኛ ማሰሪያዎች ከበግ አንጀት በሚሠራ ክር ሰፋቸው። ይህ ክር የበገና አውታር ከሚሠራበት ነገር የማይለይ መሆኑ ለእኛ አንባቢ ነገሩን ቅርብ ያደርገዋል። ሮብሰን ውጤቱን ያሳተመው በ1903 ሲሆን፣ ሰውየው ሳያነክስ እንደሚሄድና ወደ ሥራው እንደተመለሰ ጽፏል። በዚያው ዓመት የሙኒኩ ፍሪትስ ላንገ ማሰሪያን በሐር ክር የመደገፍ ሙከራውን አስታወቀ።

ከመስፋት ወደ መተካት የተሻገረው የብሪስቶሉ ኧርነስት ሄይ ግሮቭስ ነው። በ1917 ከጭን ውጫዊ ጎን የወሰደውን ጠንካራ ሽፋን እንደ ገመድ አዘጋጅቶ፣ በጭን አጥንትና በቅልጥም ውስጥ በሰረሰራቸው ቀዳዳዎች አሳልፎ በቀድሞው ማሰሪያ ቦታ ዘረጋው። የዛሬው ቀዶ ሕክምና አጽመ ነገሩ ከዚህ አልራቀም። ሆኖም ዘዴው ለአሥርተ ዓመታት ተከታይ አላፈራም፤ ጉልበትን በሰፊው መክፈት ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ባልነበረበት ዘመን አደገኛ ነበር፤ ከዚያ በኋላም በጀሶ ታስሮ የከረመ ጉልበት ብዙ ጊዜ ይደርቃል። በ1963 አሜሪካዊው ኬኔት ጆንስ ከጉልበት ሎሚ በታች ያለውን የጡንቻ ጅማት መካከለኛ ክፍል ለመተኪያነት ሲጠቀምበት ነው የሄይ ግሮቭስ ሐሳብ እንደገና ሥር የሰደደው።

መስፋቱም ቢሆን በአንድ ጊዜ አልተተወም። የተተወበትን ምክንያት ያሳየው ጆን ፊጊንና ዋልተን ከርል በ1976 ያወጡት ጥናት ነው። ማሰሪያቸው የተሰፋላቸውን የአሜሪካ የዌስት ፖይንት ጦር አካዳሚ ተማሪዎች ለአምስት ዓመት ሲከታተሉ፣ መጀመሪያ ላይ ጥሩ ይመስል የነበረው ውጤት እየተበላሸ ሄዶ ከተከታተሏቸው ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ጉልበታቸው ዳግም ተጎድቶ አገኙት። ሁለት ዓመት ቆጥረው ቢያቆሙ ኖሮ ዘዴውን ያወድሱት ነበር። በዚህ ሕክምና ታሪክ ውስጥ የክትትሉ ርዝመት ከቀዶው ጥበብ እኩል የሚመዘንበት ምክንያት ይኸው ነው፤ ነገሩ በሰው ሠራሽ ማሰሪያዎች ዘመን በባሰ ሁኔታ ተደግሟል።

ምርመራውም በዚያው ዘመን ተስተካከለ። ቀድሞ ጉልበቱን 90 ዲግሪ አጥፎ ቅልጥሙን መሳብ የተለመደ ነበር። በፊላደልፊያ የቴምፕል ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ጆን ላክማን ግን ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ብቻ ታጥፎ ቢሳብ መበጠሱ ይበልጥ እንደሚታወቅ ያስተምር ነበር፤ ዘዴውን በ1976 በጽሑፍ ያሳወቀው ጆሴፍ ቶርግ ነው። እስከ ዛሬም ራጅ ማሰሪያን ስለማያሳይ፣ ኤምአርአይ በሌለበት ቦታ የሐኪሙ ሁለት እጆች ዋነኛ መሣሪያ ናቸው።

መሐንዲሶቹ ያመጡት ጥያቄ ለመጠየቅ ቀላል፣ ለመመለስ ከባድ ነበር፦ ማሰሪያው ስንት ይሸከማል? ፍራንክ ኖይስና ባልደረቦቹ ከአስከሬን የተወሰዱ ጉልበቶችን በመጎተቻ ማሽን ላይ እየዘረጉ በመበጠስ፣ በ1984 የወጣቶች ማሰሪያ 1725 ኒውተን (ኒውተን የኃይል መለኪያ ነው) ገደማ እንደሚችል፣ ከሎሚው ሥር የሚወሰደው 14 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የጡንቻ ጅማት ደግሞ የዚህን 168 በመቶ እንደሚሸከም አሳወቁ። ቁጥሩ በቀዶ ሐኪሞች ዘንድ እንደ ፍርድ ተቆጠረ፤ የሎሚው ጅማት ለዓመታት ከሁሉ የሚመረጠው መተኪያ ሆነ። በ1991 ግን ሳቪዮ ዉ እና ባልደረቦቹ አጥንቶቹን በማሽኑ ላይ በማሰሪያው የተፈጥሮ አቅጣጫ ልክ አስተካክለው ሲጎትቱ፣ ከ22 እስከ 35 ዓመት የነበሩ ሰዎች ማሰሪያ በአማካይ 2160 ኒውተን፣ ማለትም የ220 ኪሎ ግራም ክብደት ያህል፣ ሲችል ከ60 እስከ 97 ዓመት የነበሩት ግን 658 ኒውተን ላይ ተበጠሰ። ማሰሪያው ከተገቢው ውጪ ታጥፎ ሲጎተት ክሮቹ ጭነቱን እኩል ስለማይካፈሉ ቀድመው በየተራ ይበጠሳሉ። የዕድሜው ልዩነት የማሰሪያው እርጅና ነው፤ በአቅጣጫው የተገኘው ልዩነት ግን የላቦራቶሪው አሠራር ነው።

ይሁንና የመጎተቻው ማሽን የሚለካው የአንድ ቀን ጥንካሬን ነው። በአካል ውስጥ የተተከለ የጡንቻ ጅማት መጀመሪያ የደም አቅርቦቱን አጥቶ ይዳከማል፣ ከዚያ ሕዋሳትና ደም ሥሮች ዘልቀውበት ቀስ በቀስ የማሰሪያን ጠባይ ይይዛል። ስለዚህ የተተከለው ነገር ከተተከለበት ቀን ይልቅ ከሳምንታት በኋላ ደካማ ይሆናል። ግዑዝ ክር ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ከሁሉ የጠነከረ ሆኖ በየርምጃው እየተፈተገ ይሳሳል። ይህን ልዩነት በውል ያስተማረው የ1980ዎቹ ገበያ ነው።

በ1958 ዊልበርትና ጄኔቪቭ ጎር የተባሉ ባልና ሚስት በአሜሪካ ዴላዌር፣ ኒውአርክ ከተማ በሚገኘው ቤታቸው ምድር ቤት አንድ አነስተኛ ድርጅት ከፈቱ። ልጃቸው ቦብ ጎር በ1969 ፒቲኤፍኢ የተባለው ፕላስቲክ በሙቀት ላይ ሳለ በድንገት ቢጎተት ሳይበጠስ ተዘርግቶ በቀዳዳ የተሞላ ጨርቅ መሰል ነገር እንደሚሆን አገኘ። ዝናብ የማያስገባው የጎርቴክስ ልብስ ከዚህ መጣ፤ ሰው ሠራሽ የደም ሥርም እንዲሁ። ኩባንያው ቀጥሎ ይህንኑ እንደ ገመድ ጎንጉኖ ለጉልበት አቀረበው። ጥንካሬው 5000 ኒውተን ገደማ ስለነበር ከተፈጥሮው ማሰሪያ ከእጥፍ በላይ ይችላል፤ ከታካሚው ሌላ አካል ላይ ምንም አይወሰድም፤ ታካሚውም ቶሎ ይራመዳል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ1986፣ ከዚያ በፊት የተደረገላቸው መተኪያ ላልሠራላቸው ሰዎች እንዲውል ፈቀደው። በ1993 ግን ከገበያ ወጣ። ገመዱ በአጥንቱ ቀዳዳ ጠርዝ ላይ እየተፋቀ ሳስቶ ይበጠስ፣ ፍርፋሪውም የመገጣጠሚያውን ሽፋን እያስቆጣ ጉልበቱን በፈሳሽ ይሞላ ነበር።

ጎርቴክስ ብቻውን አልነበረም። በዌልስ የተጀመረው የካርቦን ክር በጉልበት ውስጥ እየተሰባበረ ጥቁር ብናኝ ጣለ፤ ከዳክሮን የተሠራውም በዚያው አሥርት ዓመት ተፈቅዶ ብዙ ሳይቆይ ቀረ። በሊድስና በጃፓኑ ኬዮ ዩኒቨርሲቲ ትብብር የተሠራው፣ በሁለቱ ስም የተጠራው ፖሊስተር መረብ፣ የሰውነት ሕዋስ እንዲያድግበት ታስቦ ስለነበር በሐሳብ ደረጃ ከሌሎቹ የተሻለ ነበር ለማለት ይቻላል፤ የኋላ ውጤቱ ግን ተስፋውን አልሞላም። ለንግድ ታሪክ አጥኚ ትምህርቱ ግልጽ ነው። ኩባንያዎቹ የዋሹት ቁጥር አልነበረም፤ ገመዱ በእርግጥ ጠንካራ ነበር። የተለካው ነገር ግን ጉልበቱ የሚጠይቀው አልነበረም፣ ፈቃዱ የተሰጠበት የክትትል ጊዜም ክሩ ከሚያልቅበት ጊዜ ያነሰ ነበር።

ከሰው ሠራሽ ማሰሪያ ይልቅ የጸና ውጤት ያመጣው ሌላ የኢንዱስትሪ ዘርፍ፣ የኦፕቲክስ ሥራ ነው። የቶኪዮው ኬንጂ ታካጊ በ1918 ለሽንት ፊኛ ምርመራ የሚውል መመልከቻ በአስከሬን ጉልበት ውስጥ አስገብቶ ተመለከተ። የእርሱ ተከታይ ማሳኪ ዋታናቤ መሣሪያውን ለዓመታት አሻሽሎ በ1950ዎቹ መጨረሻ 21ኛ ቁጥር የተባለውን ሠራ፣ በ1962ም በዚሁ መንገድ የተቀደደ ሜኒስከስ (በጉልበት አጥንቶች መካከል ያለ የልምአጥንት ትራስ) አወጣ። ካናዳዊው ሮበርት ጃክሰን ወደ ቶኪዮ ሄዶ ከዋታናቤ ተምሮ ዘዴውን ወደ ሰሜን አሜሪካ ወሰደው። በሚያዝያ 1980 እንግሊዛዊው ዴቪድ ዳንዲ በመመልከቻው እየተመራ የመጀመሪያውን የመስቀለኛ ማሰሪያ መተካት ሠራ። የተከለው የካርቦን ክር ነበር፤ መንገዱ ዓለምን አዳረሰ፣ ክሩ ተጣለ።

በትናንሽ ቀዳዳዎች መሥራት ሲቻል ዋናው ጥያቄ መተኪያው ከአጥንቱ ጋር እስኪዋሐድ በምን ይያዝ የሚል ሆነ። የኮቤው ማሳሂሮ ኩሮሳካ በ1987 ለዚህ ተብሎ የተዘጋጀ 9 ሚሊ ሜትር ብሎን በአጥንቱ ግድግዳና በመተኪያው መካከል ሲገባ ከሌሎቹ ማያያዣዎች የተሻለ እንደሚይዝ አሳየ። ብሎኑና በኋላ የመጡት ትናንሽ የብረት ቁልፎች የአምራቾችን ዓይን ሳቡ። በ1856 በእንግሊዝ ሃል ከተማ የመድኃኒት መሸጫ ሆኖ የተጀመረው ስሚዝ ኤንድ ኔፊው፣ በ1981 በሙኒክ ተመሥርቶ በኋላ ወደ ፍሎሪዳ የተዛወረው አርትሬክስም በዚህ ገበያ ከታወቁት ናቸው።

ከቀዶው በኋላ ያለው እንክብካቤ የተለወጠው በታካሚዎች አለመታዘዝ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የኢንዲያናፖሊሱ ዶናልድ ሼልቦርን ጉልበታቸውን እንዳያንቀሳቅሱ ከታዘዙት ይልቅ ትእዛዙን ጥሰው የተራመዱት ቶሎ ሲያገግሙ ተመልክቶ፣ በ1990 የተፋጠነ የማገገሚያ ሥርዓት አሳተመ። ከዚያ ወዲህ ጉልበትን ቀጥ ማድረግና መርገጥ ከመጀመሪያዎቹ ቀናት ይጀመራል። ይህ ፊዚዮቴራፒ የሚመራው እንቅስቃሴ ከእሽት ይለያል። በአገራችን እግር ኳስ የቡድን ሕክምና ባለሙያው «ወጌሻ» መባሉ የቀረ ልማድ ባይሆንም፣ በመገጣጠሚያው መካከል የተበጠሰን ማሰሪያ ማሸት ሊገጥመው አይችልም።

ቀዶው ራሱ ለሁሉ ያስፈልጋል ወይ የሚለው በደንብ የተፈተነው ዘግይቶ ነው። በስዊድን 121 ንቁ ወጣቶች በዕጣ ተከፍለው፣ ግማሾቹ ቶሎ ተቀድደው ሲያገግሙ ሌሎቹ በማገገሚያ እንቅስቃሴ ጀምረው ካስፈለገ ብቻ እንዲቀደዱ ተደረገ። በ2010 የወጣው የሁለት ዓመት ውጤት በሁለቱ ወገኖች መካከል ታካሚዎቹ በሚሰጡት ምዘና ጉልህ ልዩነት አላሳየም፤ በአምስት ዓመት ውስጥ ደግሞ ከሁለተኛው ወገን ግማሽ ያህሉ ቀዶውን ጠይቀው አግኝተዋል። ጥናቱን ቀዶ አያስፈልግም ብሎ የሚያነብም፣ መጨረሻው ቀዶ ነው ብሎ የሚያነብም አለ፤ ቁጥሮቹ ግን ከሁለቱም ይልቅ መጠበቅ እንደሚቻል ነው የሚያሳዩት። ኖርዌይ በ2004፣ ዴንማርክና ስዊድን በ2005 የከፈቷቸው ብሔራዊ መዝገቦች ደግሞ የእያንዳንዱን ቀዶ መተኪያና ድጋሚ ቀዶ ስለሚመዘግቡ፣ አንድ አዲስ ዕቃ ሲከሽፍ ቀድሞ የሚታወቅበትን መንገድ ሰጥተዋል።

የመተኪያው ዳግም መበጠስ በወጣቶች ላይ አሁንም ከባድ ችግር ነው። 618 ወጣት ታካሚዎች የተሳተፉበትና በ2020 የወጣ ጥናት፣ ከተለመደው መተኪያ ጋር በጉልበቱ ውጫዊ ጎን ተጨማሪ ማጠናከሪያ ሲሠራ ዳግም የመበጠስ መጠን ከ11 በመቶ ወደ 4 በመቶ እንደወረደ አሳይቷል።

መስፋትም ተመልሷል። የቦስተኗ ማርታ መሪ የተበጠሰው ማሰሪያ በራሱ የማይድንበትን ምክንያት ስትመረምር፣ በሌላ የሰውነት ክፍል ቁስሉን የሚሞላው የረጋ ደም በመገጣጠሚያው ፈሳሽ ውስጥ እንደሚሟሟ አገኘች። ስለዚህ በተበጠሱት ሁለት ጫፎች መካከል የታካሚውን ደም የሚይዝ፣ ከእንስሳት ኮላጅን የተሠራ ስፖንጅ አስገብቶ መስፋትን ሞከረች። በሰው ላይ የተጀመረው በ2015 ሲሆን፣ የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በታኅሣሥ 2020 ፈቀደው። በዌስት ፖይንት የከሸፈው ጥገና አሁን የደም መርጊያ ስፖንጅ ጨምሮ በሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ የረጅም ጊዜ ክትትሉ ገና በመካሄድ ላይ ይገኛል።