ፕላስቲክን በሙጫና በሌዘር ስናጣብቅ፣ ሌዘሩ ፕላስቲኩን ሳይበሳ ሙጫውን ብቻ የሚያቀልጠው እንዴት ነው?

ጥያቄው ደጋግሞ ስለሚነሳ ላስረዳ። ሌዘር በራሱ ሙቀት አይደለም፣ ብርሃን ነው። ወደ ሙቀት የሚቀየረው የሚውጠው ነገር ሲያገኝ ነው።

ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና አስቡ። ብርሃኑ መስታወቱን አልፎ ጥቁሩ ወንበር ላይ ያርፋል። ወንበሩ ቁጭ አያስብልም፣ ያቃጥላል።

እዚህም እንደዚያው ነው። ከላይ ጥርት ያለ ስስ ፕላስቲክ አለ። ከሥሩ በሙቀት የሚቀልጥ፣ ጥቁር የካርቦን ብናኝ የተቀላቀለበት ሙጫ። የሞገድ ርዝመቱ 980 ናኖሜትር አካባቢ የሆነ የዳዮድ ሌዘር (ብርሃኑ ከትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቁራጭ የሚወጣ ሌዘር) ላይኛውን አልፎ ሙጫው ላይ ይዋጣል። ሙጫው ይቀልጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይይዛል። ፕላስቲኩና ሙጫው ግን ጥብቅ ብለው መነካካት አለባቸው። መሀል አየር ከገባ ሙቀቱ በደንብ አይተላለፍም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፦ ለዓይን ጥርት ማለት ለሌዘር ሁሉ ጥርት ማለት አይደለም። ለመቁረጥ የሚያገለግለው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር የሞገድ ርዝመቱ 10.6 ማይክሮሜትር (10,600 ናኖሜትር) ነው። ይህን ብርሃን አብዛኛው ጥርት ያለ ፕላስቲክ ራሱ ይውጠዋል። ስለዚህ ከሙጫው በፊት ላይኛው ይቃጠላል።

ይህ መርህ አይቀየርም። ኃይሉና ፍጥነቱ ግን እንደ ፕላስቲኩ ውፍረትና እንደ ሙጫው ዓይነት ይለያያል። መጀመሪያ ቁራጭ ላይ ሞክሩት። የ980ው ብርሃን ለዓይን አይታይም፣ ዓይንን ግን ያጠፋል። ለዚያ ሞገድ የተሠራ መነጽር ሳታደርጉ በፍጹም አታብሩት።