የታመመች ድመት እስከ ነገ ትቆያለች? የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በጅማ ቡናና እህል በሚቀመጥበት ቤት አይጥ ስለማይጠፋ፣ ድመት የምትያዘው ለፍቅር ብቻ ሳይሆን ለጥበቃም ነው። ስትታመም ግን «ትተኛና ይለቃታል» ተብላ ትተዋለች። በራሱ የሚለቅ ሕመም መኖሩ እውነት ነው፤ ሆኖም በሰዓታት ውስጥ የሚገድልም ስላለ ሁለቱን መለየት የባለቤቱ ኃላፊነት ነው።

«ደጋግሞ የሚያምጠው ሆዱ ደርቆበት ነው።» ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ወንድ ድመት የሚጸዳዳበት አሸዋ ላይ እየተመላለሰ ሲያምጥ፣ ሲጮህ፣ ብልቱን ሲልስ፣ ሽንቱም ጠብ ሲል ብቻ ወይም ጨርሶ ሲጠፋ፣ በመጀመሪያ ሊጠረጠር የሚገባው የሽንት ቧንቧ መዘጋት ነው። የወንድ ድመት የሽንት ቧንቧ ጠባብ በመሆኑ በደቃቅ ጠጠር ወይም ንፍጥ በሚመስል ነገር ይደፈናል፤ ሽንቱ ሲታቆር ኩላሊቱ ሥራውን ያቆማል፣ በደሙ ውስጥ ያለው ፖታሲየም ከፍ ብሎ የልቡን ምት ያዛባል፣ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜም ሊሞት ይችላል። ዘይት ማጠጣት ጊዜ ያባክናል፤ ሆዱን መጫን ደግሞ ፊኛውን ሊያፈነዳው ይችላል።

«የአይጥ መርዝ የበላች ድመት ወተት ከጠጣች ትድናለች።» ወተት መርዝ አያረክስም። አንዱ የመርዝ ዓይነት ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ሲሆን፣ ድመቷ መርዙን ወይም የተመረዘ አይጥ ከበላች በኋላ ለሁለትና ለሦስት ቀን ጤነኛ መስላ ትቆይና ከዚያ ድዷ ይነጣል፣ ትንፋሿ ያጥራል፣ ትደማለች። ይህኛው በጊዜ ከተደረሰበት በቫይታሚን ኬ ይታከማል፤ ስለዚህ ምልክት እስኪታይ ሳይጠበቅ የመርዙን መጠቅለያ ይዞ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል። ዚንክ ፎስፋይድ የተባለው ግን ሆድ ውስጥ ወደ መርዛማ ጋዝ ስለሚለወጥ ፋታ አይሰጥም።

«ግማሽ ፓራሲታሞል አይጎዳትም።» ይጎዳታል፤ ሊገድላትም ይችላል። ለእኛ ቀላል የሆነውን ይህን መድኃኒት የድመት ጉበት በአግባቡ ማስወገድ አይችልም። ድዷ ወደ ቡናማ ወይም ወደ ሰማያዊ ሲለወጥ፣ ፊቷም ሲያብጥ መመረዟን ያሳያል።

«አፏን ከፍታ የምትተነፍሰው እንደ ውሻ ሞቋት ነው።» ውሻ ሰውነቱን የሚያቀዘቅዘው እያለከለከ ነው፤ ተኝታ ወይም አርፋ ሳለች የምታለከልክ ድመት ግን አየር አጥሯታል። ጤነኛ ድመት ተኝታ በደቂቃ ከ30 ጊዜ በላይ አትተነፍስም፤ ሳትሯሯጥ ከ40 ካለፈ ሳይዘገይ መታየት አለባት።

አፍንጫዋ መርጠቡ ወይም መድረቁ ስለ ጤንነቷ ብዙ አይነግረንም። ኩርር ማለቷም እንዲሁ፤ ድመት ሕመም ላይ ሆናም ይህን ድምፅ ታሰማለች። ይልቅ አልጋ ሥር ገብታ አልወጣም ማለቷን፣ የኋላ እግሮቿ በድንገት መስነፋቸውንና መቀዝቀዛቸውን አስተውሉ።

«ሁለት ሦስት ቀን ብትጾም ምን ትሆናለች?» በተለይ ወፍራም ድመት ምግብ ስታቆም የሰውነቷ ስብ ወደ ጉበቷ ይከማችና ራሱን የቻለ ከባድ በሽታ ይሆንባታል። ስለዚህ 24 ሰዓት ሙሉ ምንም ካልበላች ሐኪም ማማከር ይገባል።

«የእንስሳት ሐኪም ለከብትና ለበግ ነው።» በከተማችን የጅማ ዩኒቨርሲቲ የግብርናና የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ እያለ ይህን መስማት ያሳዝነኛል፤ የእንስሳት ሐኪም ድመትንም ለማከም የተማረ ባለሙያ ነው። በባጃጅ ስትወስዷት ቀዳዳ ባለው ካርቶን ውስጥ አድርጓት፤ በተለይ የመተንፈስ ችግር ካለባት አጥብቃችሁ አትቀፏት። ለሃጭ የሚያዝረከርክ፣ መዋጥ ያቃተው ወይም ያለወትሮው የሚናከስ ድመት ከሆነ ግን የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ስለሚችል እጃችሁን ወደ አፉ አታስገቡ። የተነከሰ ወይም የተቧጨረ ሰው ካለ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂድ።