የትኛው ማክሰኞ? ስለ ግንቦት 13 ቀን 1983 የምንሳሳታቸው ነገሮች

ጅማ ፈረንጅ አራዳ፣ ጀበና ቡና የምጠጣበት በረንዳ ላይ የደርግ አወዳደቅ ከተነሳ ሦስተኛው ስኒ ይቀዘቅዛል። ጨዋታው ይጣፍጣል፤ ቀኑ ግን ይምታታል።

«መንግሥቱ የሸሹት ኢሕአዴግ አዲስ አበባ የገባ ቀን ነው።»
አይደለም። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም የወጡት ማክሰኞ ግንቦት 13 ነው። ኢሕአዴግ የገባው በሳምንቱ፣ ማክሰኞ ግንቦት 20። ሁለቱም ማክሰኞ መዋላቸው ሳይሆን አይቀርም የሚያምታታው።

«በቀጥታ ወደ ሐራሬ በረሩ።»
የተነሱት ብላቴ ማሰልጠኛን ሊጎበኙ ነው ተብሎ ነው። አውሮፕላኑ ግን ናይሮቢ አረፈ፤ ዚምባብዌ ከዚያ በኋላ ነው። ብላቴ ላይ በዚያ ሰሞን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለጦርነቱ ይሠለጥኑ ነበር። ጎብኚያቸው ሳይመጣ ቀረ። ኋላ ብዙዎቹ በእግራቸው ወደ ኬንያ ተሰደዱ። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው።

«ጄኔራሎቹ ናቸው ያባረሯቸው።»
ይሄ ሌላ ግንቦት ነው። መፈንቅለ መንግሥቱ የተሞከረው ግንቦት 8 ቀን 1981፣ እሳቸው ወደ ምሥራቅ ጀርመን በሄዱበት ነው። ከሸፈ። በዓመቱ 12 ጄኔራሎች ተረሸኑ።

«እሳቸው እንደወጡ መንግሥት ፈረሰ።»
ጎረቤቴ ጋሼ በዚህ ነገር አይበገሩም። ያኔ ጅማ የከፋ ዋና ከተማ ነበረች። ከአዲስ አበባ ወደ 350 ኪሎ ሜትር ትርቃለች፤ ወሬው የደረሳቸው በሬዲዮ ነው። «ሬዲዮው ሄዱ አለ፤ አበቃ» ይላሉ።

«ጋሼ፣ ታዲያ በማግስቱ ማን ነበር ሲያዝ የነበረው?»

ሌተናል ጄኔራል ተስፋዬ ገብረ ኪዳን ተጠባባቂ ፕሬዝዳንት ሆነዋል። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ተስፋዬ ዲንቃ ነበሩ። ጦሩም አስመራን እንደያዘ ነው፤ ሻዕቢያ የገባው ግንቦት 16 ነው። በዚያው ቀንና በማግስቱ ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤላውያን በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ፣ በ36 ሰዓት ገደማ። ከእስራኤል ጋር ተስማምቶ ያስወጣቸው ይኸው «ፈረሰ» የተባለው መንግሥት ነው። ሰውዬው ሄዱ እንጂ ቢሮው አልተዘጋም።

«የሌኒንን ሐውልት የጣለው ኢሕአዴግ ነው።»
የወረደው ግንቦት 15 ነው። ኢሕአዴግ ገና ከተማዋን አልረገጠም።

«ለንደን ላይ ተስማምተው ነው የገቡት።»
ንግግሩ የተከፈተው ግንቦት 19 ነው። ስምምነት የሚባል ነገር አልነበረም። አሜሪካዊው ሸምጋይ ኸርማን ኮኸን ሥርዓት ለማስከበር ኢሕአዴግ ቢገባ ይሻላል አሉ። ተስፋዬ ዲንቃ ተቃውመው ወጡ። በማግስቱ ማለዳ ታንኮቹ አዲስ አበባ ነበሩ።

ጋሼ ይህን ሁሉ ሰምተው ስኒያቸውን አስቀመጡ። «እሺ፣ ያ ተጠባባቂው የት ደረሰ?»

ጣሊያን ኤምባሲ ገቡ። እስከ 1996 እዚያው ኖረው፣ እዚያው ሞቱ።