ከስቴም ሴል ንቅለ ተከላ በኋላ የሚመጣ መንቀጥቀጥ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ውጭ ሀገር የስቴም ሴል (ደም የሚያመነጩ ሴሎች) ንቅለ ተከላ ተደርጎለት ወደ ባሕር ዳር የተመለሰ ታማሚ ድንገት ራሱን ስቶ ቢንቀጠቀጥ፣ ቤተሰቡ በዚያች ሰዓት የሚያምነው ነገር ሕይወቱን ሊያተርፈው ወይም ሊያሳጣው ይችላል።

«የሚጥል በሽታ ያዘው፤ ከእንግዲህ አይለቀውም።» አንድ ጊዜ መንቀጥቀጥ ብቻውን የሚጥል በሽታ አይደለም። ከንቅለ ተከላው በፊት ለአንዳንድ ታማሚዎች የሚሰጠው ቡሱልፋን የተባለ የኬሞቴራፒ መድኃኒት ወደ አንጎል ዘልቆ መንቀጥቀጥ ሊያስነሳ ስለሚችል፣ ሐኪሞች መንቀጥቀጥ የሚከላከል መድኃኒት አስቀድመው ይሰጣሉ። ከንቅለ ተከላው በኋላ የሚወሰዱት፣ የሰውነትን የመከላከል አቅም የሚያዳክሙት ሳይክሎስፖሪን እና ታክሮሊመስ ደግሞ የደም ግፊትን ከፍ፣ በደም ውስጥ ያለውን ማግኒዢየም ዝቅ ሊያደርጉ፣ አልፎ አልፎም የአንጎልን የኋላ ክፍል ሊያሳብጡ ይችላሉ። ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ እና ግራ መጋባት የዚህ እብጠት ምልክቶች ሲሆኑ፣ በጊዜ ከተደረሰበት ብዙውን ጊዜ ይድናል። የፕሌትሌት (ደም እንዲረጋ የሚረዱ የደም ሴሎች) ማነስ የሚያስከትለው የአንጎል ደም መፍሰስም መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ስለሚችል፣ መንስኤው ሳይጣራ ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ በሽታ ነው ብሎ መደምደም ታማሚውን መበደል ነው።

«መድኃኒቱ ካመጣበት ይተወው።» ይህ ከሁሉም የከፋው ምክር ይመስለኛል። ሴሎቹ ከሌላ ሰው የተወሰዱ ከሆነ፣ መድኃኒቱ በድንገት ሲቋረጥ የታማሚውን ቆዳ፣ አንጀትና ጉበት ሊያጠቁ ይችላሉ፤ መጠኑን የሚቀንስ ወይም መድኃኒቱን የሚቀይር ሐኪሙ ብቻ ነው። ከጎረቤት የተገኘ ፌኒቶይን የተባለ የመንቀጥቀጥ መከላከያ ክኒን መስጠትም ጉዳት አለው፤ ፌኒቶይን በደም ውስጥ ያለውን የሳይክሎስፖሪን መጠን ያሳንሳልና።

«ትኩሳት ካለው ወባ ነው።» በጣና ዳርቻ ወባን መጠርጠር ተገቢ ነው፤ ምርመራውም ይደረግ። ነገር ግን የመከላከል አቅሙ በደከመ ሰው ላይ ቫይረስ፣ ፈንገስ ወይም ቶክሶፕላዝማ የተባለ ጥገኛ ተሕዋስ አንጎልን ሊያጠቃ ስለሚችል፣ በወባ ምርመራ ብቻ መቆም አይገባም። ቶክሶፕላዝማ በጥሬ ሥጋም ስለሚተላለፍ፣ ለበዓል እንኳ ቢሆን ጥሬ ሥጋ ለእንዲህ ያለ ታማሚ አይቅረብ።

«ክብሪት አሽትቱት፣ ማንኪያ አስነክሱት፣ ለሃጩ ይጋባል።» ሦስቱም ስሕተት ናቸው። በጎኑ አስተኝቶ፣ አፉ ውስጥ ምንም ሳይከቱ፣ ሰዓት መያዝ ይገባል። መንቀጥቀጡ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከደገመው ጉዳዩ አስቸኳይ ነው፤ ቢያቆምም ግን እንዲህ ያለ ታማሚ በዚያው ቀን ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል መድረስ አለበት። ሲሄዱም የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ከነመያዣቸው፣ ንቅለ ተከላው የተደረገበትን ሆስፒታል ወረቀትም ጨምረው ይያዙ።