ድመት የቧጨረችው እጅ

ድመት የቧጨረችው እጅ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ቀን ይድናል። አስቸጋሪው ጭረቱ ከተረሳ በኋላ የሚመጣው ነው። የድመት ጭረት በሽታ እንዲህ ነው የሚጀምረው። ፈረንሳዊው ሐኪም ሮበር ደብሬ በሽታውን በ1950 እ.ኤ.አ. ቢገልጸውም፣ ባርቶኔላ ሄንሴሌ የተባለው ባክቴሪያ እንደሚያመጣው የታወቀው በ1990ዎቹ ነው።

ባክቴሪያውን ከድመት ወደ ድመት የምታዛምተው ቁንጫ ናት። ኩሷ ድመቷ ጥፍር ውስጥ ይገባል፤ ስትቧጭር ሰው ቆዳ ውስጥ ይቀራል። ድመቷ ራሷ ብዙ ጊዜ ምንም አትሆንም።

ከ3 እስከ 10 ቀን ውስጥ ጭረቱ ላይ ትንሽ ቀይ እብጠት ትወጣለች። ከ1 እስከ 3 ሳምንት ቆይቶ ደግሞ ክርን አጠገብ ወይም ብብት ሥር ንፍፊት ይወጣል፤ ሲነኩት ያማል። እኛ አገር ዕጢ ሲያብጥ ቶሎ የሚጠረጠረው ቲቢ ነው፤ የዕጢ ቲቢ ብዙ ስለሆነ ጥርጣሬው ትክክል ነው። ግን ቲቢም የድመት ጭረት በሽታም ዕጢው ላይ ተቀራራቢ ለውጥ ስለሚያመጡ በመርፌ የተወሰደ ናሙና ሁልጊዜ አይለያቸውም። ለዚህ ነው “ቤት ውስጥ ድመት አለ? ቧጭራህ ነበር?” የሚለው ጥያቄ መዘለል የሌለበት። እጁንም ከጣት ጫፍ ጀምሮ ማየት ነው፤ የደረቀች ቅርፊት ልትገኝ ትችላለች። ማረጋገጫው የደም አንቲቦዲ (ሰውነት ባክቴሪያውን ለመከላከል የሚሠራው ፕሮቲን) ወይም ፒሲአር (የባክቴሪያውን ዘረመል የሚፈልግ ምርመራ) ነው።

ብዙ ሰው በ2 እስከ 4 ወር ያለ መድኃኒት ይድናል። አዚትሮማይሲን የተባለው አንቲባዮቲክ እብጠቱን ቶሎ ይቀንሰዋል። መግል ከቋጠረ በመርፌ ይቀዳል እንጂ አይበጣም፤ ከተበጣ ሳይደርቅ ለረጅም ጊዜ ሊፈስ ይችላል። የመከላከል አቅሙ የደከመ ሰው ግን መታከሙ የግድ ነው።

እጁ በ24 ሰዓት ውስጥ ቀልቶ ካበጠ ሌላ ባክቴሪያ ይጠረጠራል፤ ፓስቸሬላ። ለቆዳ ቁስል የተለመደው ክሎክሳሲሊን በደንብ አይሠራበትም፤ የሚመረጠው ኦግመንቲን ነው። ጣቱ አብጦ ታጥፎ ከቀረና ለመዘርጋት ሲሞከር ክፉኛ ካመመ፣ ኢንፌክሽኑ የጅማቱ ሽፋን ውስጥ ገብቶ ሊሆን ስለሚችል ያኔውኑ ቀዶ ሐኪም ይየው። ብራዚል ውስጥ ደግሞ ድመቶች ስፖሮትሪክስ የሚባል ፈንገስ ያስተላልፋሉ። እብጠቶቹ ከእጅ ወደ ክንድ ተሰልፈው ይወጣሉ፤ ኢትራኮናዞል የተባለው የፈንገስ መድኃኒት ለወራት ይወሰዳል።

የእብድ ውሻ በሽታንም ድመት ታስተላልፋለች። ጭረቱ ባይደማም ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ይታጠባል። ከዚያ ዕለቱን ጤና ተቋም ሄዶ ስለ ክትባቱ መጠየቅ ነው፤ ምልክቱ አንዴ ከጀመረ የሚያድን መድኃኒት የለም።