«ሆዴ ውስጥ ሳለ ወባን ለምዶታል»

ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት የሦስት ወር ተኩል ልጇን ለክትባት ይዛ መጣች። እርግዝናዋን የተከታተልኩት እኔ ነኝ፤ ሁለት ጊዜ ወባ ታማብኛለች። «ሕፃኑ አጎበር ውስጥ ነው የሚተኛው አይደል?» አልኳት። «ኧረ እሱ ምን ይሆናል ሲስተር፣ ሆዴ ውስጥ ሳለ ለምዶታል» ብላኝ ፈገግ አለች። አብረዋት የመጡት አማቷም «እውነቷን ነው» አሉ። በአዋላጅነት በሠራሁባቸው ዓመታት ይህችን አባባል ስንት ጊዜ እንደሰማኋት ቆጥሬ አልዘልቀውም። የዚያን ቀን ግን አዳር ሠርቼ ስለነበር ነው መሰለኝ ደሜ ፈላ። ስለዚህ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

መጀመሪያ ቀላል ቀላሎቹን ላራግፋቸው።

«ወባ በጡት ወተት ይተላለፋል።» አይተላለፍም። ታማችሁም አጥቡ። መድኃኒት ለሚያዝላችሁ ሰው ግን እንደምታጠቡ ንገሩት።

«ነፍሰ ጡርን ትንኝ አትነካትም።» ተቃራኒው ነው። ጋምቢያ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ጥናት ነፍሰ ጡሮች ካላረገዙ ሴቶች እጥፍ ያህል የወባ ትንኝ እንደሚስቡ አሳይቷል። ነፍሰ ጡር ብዙ ትተነፍሳለች፣ ሆዷም ይሞቃል። ትንኝ ደግሞ ሰው የምታገኘው በትንፋሹና በሙቀቱ ነው።

«የወባ መድኃኒት ጽንስ ያስወርዳል።» ጽንስ የሚያስወርደው ወባው ነው! ክኒኑን ተቀብለው ቦርሳቸው ውስጥ ደብቀው የሚመለሱ እናቶች አሉ፤ አውቃለሁ፣ ሳምንት ሳይሞላ በቃሬዛ ሲመጡ ቦርሳው ውስጥ አገኘዋለሁ። እርግጥ ለነፍሰ ጡር የማይሰጡ መድኃኒቶች አሉ፣ ፕሪማኩዊን አንዱ ነው። ፋልሲፓረም ለሚባለው ወባ ግን አርቴሜተር ሉሜፋንትሪንን፣ ብዙ ሰው ኮአርተም የሚለውን፣ የዓለም ጤና ድርጅት ከ2022 ጀምሮ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራትም እንዲሰጥ መክሯል። ከእናንተ የሚጠበቀው እርጉዝ መሆናችሁን መናገር ነው። የወር አበባ ዘግይቶ ጥርጣሬ ብቻ ቢኖርም ተናገሩ።

«ካላንቀጠቀጠኝ ወባ የለብኝም።» እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ። አንዲት ወጣት ነበረች፣ የመጀመሪያ ልጇ ነው። ዘጠኝ ወር ሙሉ ትኩሳት የሚባል አላየችም፣ ድካም ብቻ። የጣቷ ደም ሲመረመር ንጹሕ ነው። ስትወልድ ልጁ 2 ኪሎ ከ100 ግራም መዘነ፤ ወሩን ጨርሶ የተወለደ ልጅ ነው እንግዲህ። ነገሩ ስላልጣመኝ የእንግዴ ልጁን ገልብጬ በእናትየው ወገን በኩል በምላጭ ትንሽ ሰነጠቅኩት። ከዚያ የወጣውን ደም ስላይድ ላይ ቀብቼ ለላቦራቶሪው ልጅ ሰጠሁት። ትንሽ ቆይቶ «ሲስተር፣ ነይ እዪ» አለኝ። ማይክሮስኮፑ ውስጥ የወባው ጥገኛ ተሕዋስ የሞላባቸው ቀይ የደም ሴሎች ታጭቀዋል። በመሃላቸው እንደ ጥላሸት ቡናማ ጥቁር ፍንጣሪ ተበትኗል። ወባው ደሟን ሲበላ የተወው ዝቃጭ ነው። ከጣቷ የጠፋው ወባ ለካ ወራቱን ሙሉ እዚያ ተደብቆ ልጁ የሚመገብበትን በር ይዘጋ ነበር። እናትየው ደም አንሷታል፣ ልጁ ከስቷል፣ ያንቀጠቀጠው ሰው ግን የለም።

አሁን ወደ «ለምዶታል» እንምጣ።

ይህች አባባል ውስጥ ሁለት ስህተት አለ፣ አንዱ የእናትየው ሌላው የልጁ። እናትየው «ወባ አገር ተወልጄ አድጌያለሁ፣ ሰውነቴ ያውቀዋል» ትላለች። ግማሽ እውነት አላት። ወባ በሚበዛበት ቦታ ያደገ አዋቂ ብዙ ጊዜ እንደ ሕፃን አይጠናበትም። ግን የእንግዴ ልጅ ከዚያ በፊት በሰውነቷ ያልነበረ አዲስ አካል ነው። ፋልሲፓረም የያዘው ቀይ ሴል በላዩ ላይ ቫር2ሲኤስኤ የሚባል መያዣ ያወጣና እንግዴ ልጁ ላይ ካለ አንድ ስኳር መሰል ነገር ጋር ይጣበቃል። ጥገኛው ከዚህ ስኳር መሰል ነገር ጋር እንደሚጣበቅ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። የሴትየዋ ሰውነት ይህን መያዣ አይቶት አያውቅም። ፀረ እንግዳ አካል፣ ማለትም ጠላትን የሚዋጋ የደም መከላከያ፣ የሚያበጅለት ካረገዘች በኋላ ነው፣ በሁለተኛና በሦስተኛ እርግዝና እየጠነከረ ይሄዳል። ስለዚህ በጣም የምትጎዳው የመጀመሪያዋን ያረገዘችው ናት። «ወጣት ነች፣ ትችለዋለች» የምትባለው እሷው ማለት ነው።

የልጁ ደግሞ ይብሳል። ሰዉ የሚያስበው ሆድ ውስጥ ወባ ያገኘው ልጅ እንደተከተበ ነው። ክትባት ማለት ግን የተዳከመ ነገር ወይም ቁራጩ ተመጥኖ፣ ጊዜው ተጠብቆ፣ ሰውነት ጠላቱን እንዲያውቅ የሚሰጥ ነው። በጽንስ ዘመን የልጁ ሰውነት በሽታ መከላከያ ሥራ በአብዛኛው ተቃራኒ ነው፤ የእናቱን ሴሎች «የኛ ነው፣ ተወው» እያለ ይማራል። ያን ትምህርት እየተማረ የወባ ብጥስጣሽ ሲደርሰው አንዳንዱ ልጅ ወባውንም «ተወው» ብሎ ይመዘግበዋል። ለምዶታል ያላችሁት እውነት ነው ማለት ነው! የለመደው ግን ሌባ የለመደ ውሻ እንደሚለምደው ነው። ሌባው አጥሩን ዘሎ ሲገባ ጅራቱን ይቆላል። ሁሉም ልጅ እንዲህ ይሆናል ማለት አይደለም፣ ነቅቶ የሚወለድም አለ። ግን እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ የካሜሩን ጥናት የእንግዴ ልጃቸው ወባ ከነበረበት እናቶች የተወለዱት ሕፃናት ከሌሎቹ የበለጠ በወባ እንደሚያዙ አሳይቷል። ከዚያ ወዲህም በሌሎች የአፍሪካ አገሮች ተመሳሳይ ነገር ታይቷል።

ሌላም ጣጣ አለው። እናት ለልጇ ፀረ እንግዳ አካል የምታሻግረው በእንግዴ ልጁ በኩል ነው፣ አብዛኛውን ደግሞ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት። ወባ የጎዳው እንግዴ ልጅ ይህን በደንብ አያሻግርም። ስለዚህ ልጁ ለኩፍኝ እና ለመንጋጋ ቆልፍ ከእናቱ ሊያገኝ የሚገባውን ስንቅ አጉድሎ ሊወለድ ይችላል። በወባው ምክንያት ያለወሩ ከተወለደማ ማሻገሪያ ጊዜውም የለም።

አማትየዋ ግን ዝም ብለው አይደለም ያሉት፣ ልጆች አሳድገዋል፣ ያዩት ነገር አለ። ወባ አገር የተወለደ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ወራት ወባ ብዙ አይጠናበትም። ይህ የሆነው ግን ሆድ ውስጥ ስለለመደ አይደለም። ከእናቱ የወረሰው ፀረ እንግዳ አካል ገና አላለቀም፣ ደሙ ውስጥም ለጥገኛው የማይመች የጽንስ ሄሞግሎቢን አለ። ሁለቱም ከወራት በኋላ ያልቃሉ። ያን ጊዜ ነው እንግዲህ ቤተሰቡ «ይኸው ስድስት ወር ምንም አልሆነ» ብሎ የሚዘናጋው።

እና ምን ይደረግ? አጎበር ለሁለታችሁም፣ ከእርግዝናው የመጀመሪያ ቀን እስከ ልጁ ማደግ ድረስ፣ ሁልጊዜ። ወባ በሚበዛባቸው ብዙ የአፍሪካ አገሮች ለነፍሰ ጡር ከአራተኛው ወር ጀምሮ ሰልፋዶክሲን ፒሪሜታሚን የሚባል የወባ መከላከያ መድኃኒት ይሰጣል፣ በመካከሉ ቢያንስ 1 ወር እየተተወ፣ ቢያንስ 3 ጊዜ። አገራችሁ የሚሰጥ ከሆነ አትዝለሉት፣ ፊት ለፊታችን ዋጡት። ኮትሪሞክሳዞል የሚባለውን ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት በየቀኑ የምትወስዱ ግን ሁለቱ አብረው አይሰጡምና ተናገሩ። ፎሊክ አሲዱም ባለ 0.4 ሚሊግራሙ ይሁን፣ ባለ 5 ሚሊግራሙ የዚህን መድኃኒት ሥራ ያዳክማል። ሕፃን ሲያተኩሰው «ጥርስ ሊያወጣ ነው» ብላችሁ አትጠብቁ፣ በዚያው ቀን አስመርምሩት። አራስ ቢሆንም እንኳ፣ ብርቅ ቢሆንም ወባ ይዞ የሚወለድ አለ። ልምምዱን ደግሞ ለእውነተኛው ክትባት ተዉት፤ አሁን አርቲኤስኤስ እና አር21 የሚባሉ የወባ ክትባቶች አሉ፣ ከ5 ወር ገደማ ጀምሮ 4 ጊዜ ይሰጣሉ። ከደረሳችሁ አስከትቡ። ከተከተበም በኋላ አጎበሩ አይወርድም።

ለዚያች እናት ይህን ሁሉ አልነገርኳትም፣ ወረፋው ረጅም ነበር። የውሻውን ብቻ ነገርኳቸው። አማትየዋ ትንሽ አሰቡና «ሌባ የለመደ ውሻማ ከሌለ ይቆጠራል» አሉ። ከዚያ ወደ ምራታቸው ዞረው «ያ የሰጡሽ አጎበር የታለ?» ብለው ጠየቋት። ልጅቷ አንገቷን ደፋች። ቁም ሳጥን ላይ ነው፣ ፌስታሉ እንኳ አልተከፈተም።