ሰሙነ ሕማማት፦ ደካማ ሰው «ኃይል ያንተ ነው» የሚልበት ሳምንት

ሰሙነ ሕማማት የ55 ቀኑ ዐቢይ ጾም የመጨረሻ ሳምንት ነው። በሆሣዕናና በትንሣኤ መካከል ይውላል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ስለ ሰው ድካምና ስለ እግዚአብሔር ገዢነት የምታምነውን ማወቅ የሚፈልግ ሰው፣ ከየትኛውም ስብከት ይልቅ እዚህ ሳምንት ውስጥ ያገኘዋል ብዬ አምናለሁ። ምክንያቱም ትምህርቱ የሚሰጠው በቃል ብቻ አይደለም። በጉልበት፣ በወገብና በባዶ ሆድም ጭምር ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ሆሣዕና ዕለት ነው። ጠዋት ሕዝቡ ዘንባባ ይዞ ይዘምራል፤ ልጆች ከቅጠሉ ቀለበት እየሠሩ ጣታቸው ላይ ያጠልቃሉ። ከቅዳሴው በኋላ ግን ዜማው ይለወጣል። ካህናቱ ጸሎተ ፍትሐት ያደርሳሉ። ለማን? እዚያው ለቆሙት ሰዎች። በሕማማት ሳምንት ፍትሐት ስለማይደረግ፣ በሳምንቱ ውስጥ ለሚሞት ሰው የሚሆነው ጸሎት አስቀድሞ ይደርስለታል። ማን እንደሚሞት የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ሁሉም ለራሱ ሊሆን የሚችለውን ፍትሐት በሕይወቱ ቆሞ ይሰማል። ሰው ነገውን በእጁ እንዳልያዘ የሚናገር ከዚህ የበለጠ ሥርዓት እኔ አላውቅም።

ከሰኞ ጀምሮ ደግሞ የለመድነው ሁሉ ይቀራል። መሳሳምና መጨባበጥ የለም። ካህን መስቀል አያሳልምም። ክርስትና አይነሣም። እስከ ሐሙስ ድረስም ቅዳሴ አይቀደስም። መጋረጃውና የካህናቱ ልብስ ጥቁር ይሆናል። አባቶች ይህን የሚያስረዱት በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው የይሁዳ ሰላምታ ነው፤ ጌታውን አሳልፎ የሰጠው በመሳም ነውና። ሁለተኛው ሳምንቱ አዳም ከገነት ከወጣ በኋላ ያለፉትን 5500 የፍዳ ዓመታት የሚያስታውስ መሆኑ ነው። በዚያ ዘመን ሰውና እግዚአብሔር አልታረቁም ነበር። ስለዚህ ሰላምታውም ይቋረጣል።

ጸሎቱ በየሰዓቱ ይደርሳል፦ በነግህ (ንጋት ላይ)፣ በ3 ሰዓት፣ በ6 ሰዓት፣ በ9 ሰዓት እና በ11 ሰዓት። የሚነበበው መጽሐፍ ግብረ ሕማማት ይባላል። በውስጡ ከብሉይና ከሐዲስ ኪዳን ለየሰዓቱ የተመደቡ ምንባቦች አሉ። በየንባቡ መሐል ሕዝቡ እየሰገደ የሚደጋግመው ጸሎት «ለከ ኃይል» ብሎ ይጀምራል። «ኃይል ያንተ ነው፣ ክብርም ምስጋናም ያንተ ነው» ማለት ነው። በጸሎቱ ውስጥ «እኂዝ» የሚል ቃልም አለ። መያዝ፣ መግዛት ማለት ነው። በጸሎተ ሃይማኖት አብን «አኃዜ ኵሉ»፣ ሁሉን የያዘ፣ ብለን የምንጠራበት ቃልም ከዚሁ ሥር የወጣ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ምንባቡ የሚናገረው ስለ ተያዘ፣ ስለ ታሰረ፣ ስለ ተገረፈ ሰው ነው። ሕዝቡ ደግሞ ያንኑ የታሰረውን «ያዢው አንተ ነህ» ይለዋል። የተዋሕዶ እምነት ልቡ ይህ ነው። መከራ የተቀበለው ሌላ፣ ዓለምን የያዘው ሌላ አይደለም፤ አንድ ነው። የሞተውም ተሸንፎ ሳይሆን በፈቃዱ ነው። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ነፍሱን ማንም እንደማይወስዳት፣ ሊያኖራትም ሊያነሣትም ሥልጣን እንዳለው ራሱ ይናገራል። ስለዚህ የእግዚአብሔር ገዢነት በዚህ ሳምንት የሚታየው ከመከራው ርቆ አይደለም። እመከራው ውስጥ ገብቶ ነው።

ሐሙስ የደቀ መዛሙርት ድካም ቀን ነው። ጴጥሮስ ፈጽሞ አልክድህም ብሎ ዶሮ ሳይጮኽ 3 ጊዜ ይክዳል። ከዚያ በፊትም በጌቴሴማኒ እሱና ያዕቆብ ዮሐንስም ትጉ ሲባሉ እንቅልፍ ይጥላቸዋል። ጌታ «ሥጋ ደካማ ነው» ያለው ያኔ ነው። በዚሁ ዕለት ካህናት የምእመናንን እግር ያጥባሉ፣ ቅዳሴውም በለሆሳስ፣ በዝግታ ድምፅ፣ ይቀደሳል። በየቤቱ የተቀቀለ ስንዴና ባቄላ፣ ጉልባን፣ ይቀርባል።

ዓርብ ስቅለት ነው። ሕዝቡ ከጠዋት እስከ ማታ ሲሰግድ ይውላል። ከቀትር በኋላ ጉልበት አልታዘዝ ይላል። ወጣቱ ላብ በላብ ይሆናል። አረጋውያን መቋሚያቸውን ተደግፈው አንገታቸውን ብቻ ዝቅ ያደርጋሉ። ማንም ማንንም አይቆጣም፤ ሁሉም አቅሙን ያውቃል። ዜማው «ኪርያላይሶን» ነው፤ በግሪክ «አቤቱ ማረን» ማለት። «እብኖዲ ናይን»፣ «ታኦስ ናይን»፣ «ትስቡጣ ናይን» ይከተላል። ቃላቱ የግሪክና የቅብጥ ናቸው። ቤተ ክርስቲያናችን በ1951 ዓ.ም. የራሷን ፓትርያርክ እስክታገኝ ድረስ ከእስክንድርያ ጋር በአንድ መንበር ሥር ለብዙ ዘመናት ኖራለች፤ ቃላቱም የዚያ ትዝታ ናቸው። «ትስቡጣ» ገዢ፣ «ናይን» ደግሞ ማረን ማለት ነው። ጉልበቱ የከዳው ሰው ገዢውን «ማረን» ይለዋል።

ከሁሉ እኔን የሚነካኝ «አምንስቲቲ ሙኪርያ አንቲ ፋሲልያሱ» የሚለው ነው። ብዙ ሰው ትርጉሙን ሳያውቅ ያዜመዋል። በቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ ልመና ነው፦ «አቤቱ በመንግሥትህ አስበኝ»። ያ ሰው የሚያቀርበው በጎ ሥራ አልነበረውም፤ የሚጾምበት ቀንም አልቀረውም። እጁም እግሩም ተቸንክሯል። ግን አጠገቡ እየሞተ ያለውን ሰው ንጉሥ መሆኑን ዐወቀ። መንግሥት አለህ አለው። ያን ጊዜ ደቀ መዛሙርቱ ሸሽተዋል፤ በእግረ መስቀሉ የቀሩት እናቱ፣ ጥቂት ሴቶችና ዮሐንስ ናቸው። ፀሐይ ጨለመ፣ ዓለት ተሰነጠቀ፣ መቃብር ተከፈተ። ቤተ ክርስቲያን እነዚህን ከሌሎች ጋር በስቅለቱ የታዩ 7 ተአምራት ብላ ትቆጥራቸዋለች። ወንበዴው ግን ተአምር ያደረገ ሳይሆን የተሰቀለ ሰው ነው ያየው።

በውጭ አገር ያለ ምእመን ስቅለትን ብዙ ጊዜ በሥራ ቀን ነው የሚያገኘው። የእኛ ፋሲካ ከምዕራቡ ጋር የሚገጥመው በአንዳንድ ዓመት ብቻ ነውና። ፈቃድ ያላገኘው ከሥራ ወጥቶ ለመጨረሻው ሰዓት ይደርሳል። እሱም ይሰግዳል።

ማታ ላይ ሕዝቡ በካህናቱ ፊት ይሰለፋል። ካህኑ በወይራ ቅጠል ጀርባውን ቸብ ቸብ ያደርገዋል፤ የሚሰግደውንም ስግደት ይነግረዋል። የቻለ እስከ ትንሣኤ ሌሊት እህል ውኃ ሳይቀምስ ያከፍላል። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ካህናቱ ቄጤማ እያደሉ «ገብረ ሰላመ በመስቀሉ» ይላሉ፤ በመስቀሉ ሰላምን አደረገ። ሰዉ ቄጤማውን ግንባሩ ላይ ያስረዋል፤ ያበጠ ጉልበቱን እያሻሸ ወደ ቤቱ ይሄዳል።